መብራቱ ቻርጀሩን፣ እኔ ቦርዱን

ሐምሌ 9 ቀን 2017፣ ረቡዕ ማታ

ዩኒሳይክሏ ቻርጅ ላይ ነበረች። በባትሪ የምትሄድ ባለ አንድ ጎማ፣ 16 ኢንች፣ የአጎቴ ልጅ ከዱባይ ያመጣት። ባሕር ዳር ውስጥ ከቀበሌ 14 ፎቶ ኮፒ ቤቴ ድረስ የምመላለሰው በእሷ ነው። የሰፈር ልጆች «ባለ አንድ እግር» ይሏታል።

ዝናቡ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ሲያወርደው ነበር። ማታ 2 ሰዓት ገደማ የክፍሌ አምፖል መጀመሪያ ደብዘዝ አለ፣ ከዚያ ፏ ብሎ በራ። ዓይን አያስገልጥም። ወዲያው ከጠረጴዛው ሥር «ጧ!» አለ። ሮጬ ብሬከሩን አወረድኩት።

ከዚያ ሽታው መጣ። ዓሣ ዓሣ ይላል። ጣና ዳር ለሚኖር ሰው የዓሣ ሽታ ብርቅ አይደለም። አከራዬ እትዬ ግን ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው በሬ ላይ ቆሙ።

«በረቡዕ ዓሣ ትጠብሳለህ እንዴ፣ አንተ ልጅ?»

«ዓሣ አይደለም እትዬ፣ ካፓሲተር ነው።»

«እሱስ ጾም ነው?»

ካፓሲተር ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚይዝ ዕቃ ነው። ሲፈነዳ ውስጡ ያለው ፈሳሽ አንዳንዴ እንዲህ ይሸታል። እስከ ማለዳ አልለቀቀም።

የዛሬ ሒሳብ፦ ቻርጀሩ ሞቷል። የእትዬ ቴሌቪዥን ሞቷል። ፍሪጃቸው ከሶኬት ተነቅሎ ስለነበር ተርፏል። ዩኒሳይክሏን ከቻርጀሩ ነቅዬ ቁልፏን ስጫን በራች። ባትሪ 40 በመቶ። እሰይ፣ ቻርጀር ብቻ ነው ብዬ ተኛሁ።

ሐምሌ 10

መብረቅ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ከግቢያችን ፊት ለፊት ያለው ዘንባባ ከባድ ቅርንጫፉን ሽቦው ላይ ጥሎታል። የመብራት ሠራተኞች ከሰዓት በኋላ መጥተው ቀጠሉት። አንዱን ልጅ ከፖሉ ሲወርድ ጠየቅሁት። «ኒውትራሉ ነው የተበጠሰው» አለኝ። በቃ፣ ነገሩ ገባኝ።

ወደ ሰፈር የሚመጣው መስመር ሦስት ፌዝ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጡት ሽቦዎች) እና አንድ ኒውትራል (የጋራ መመለሻው) ነው። በአንድ ፌዝና በኒውትራሉ መካከል 220 ቮልት አለ። በሁለት ፌዞች መካከል 380። ኒውትራሉ ሲበጠስ በተለያየ ፌዝ ላይ ያሉ ቤቶች ሳያውቁት በሲሪስ፣ ማለትም አንዱ ከሌላው ኋላ፣ ይቀጠላሉ። ምጣድ የጣደ ቤት ቮልቴጁ ይወርድለታል። ትንሽ ዕቃ ያበራ ቤት ወደ 380 ይጠጋል። እኔ ያበራሁት አንድ አምፖልና አንድ ቻርጀር ነው። ጎረቤት ማታውን እንጀራ እየጋገሩ ነበር።

ቻርጀሩን ፈታሁት። ብሎኖቹ ጭንቅላታቸው ባለ ኮከብ ስለሆነ ካቻቢቴዬ አልገባ አለ። አሮጌ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ በሞረድ አሹዬ ገባሁበት። ውስጡ ጥቀርሻ ነው። ትልቁ ካፓሲተር አናቱ ተነፍቶ ተቀዷል። ላዩ ላይ 400 ቮልት ይላል። 220 ቮልት ኤሲን ወደ ዲሲ በሚቀይረው ብሪጅ አልፎ ዲሲ ሲሆን ጫፉ 311 ቮልት ይደርሳል። በደህና ቀን ይበቃዋል። 380 ሲገባ ግን ጫፉ 537 ነው።

ከመግቢያው አጠገብ ያለው ሰማያዊ ክብ ዕቃ፣ ቫሪስተሩ፣ ለሁለት ተሰንጥቋል። ቮልቴጅ ሲዘል ወደ ራሱ ስቦ ፊውዙን የሚያስቆርጥ ነው። ለመብረቅ ዓይነት የቅጽበት ዝላይ ጎበዝ ነው። ሰከንዶች ለሚቆይ 380 ግን አልተሠራም። እሱም ተሰነጠቀ፣ ፊውዙም ሄደ፣ ከኋላ ያሉትም አልዳኑም።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ስንፍናዬን ልጻፈው። ካፓሲተር ከአሮጌ የቴሌቪዥን ፓወር ሰፕላይ ነቀልኩ፤ 450 ቮልት፣ 100 ማይክሮፋራድ። የቴሌቪዥኑን ቦርድ የገዛሁት ግሽ ዓባይ ሰፈር ሬዲዮና ቴሌቪዥን ከሚጠግኑ ጋሼ ነው፣ 300 ብር። ቫሪስተሩን ቆርጬ ጣልኩት፣ አዲስ ፊውዝ ከተትኩ። ሌላ ምንም አልለካሁም። ሶኬት ላይ ሰካሁት።

ጧ።

ፊውዙ ውስጡ ጥቁር መስታወት ሆነ። «ምናልባት ፊውዙ ደካማ ይሆናል» አልኩና ሁለተኛ ከተትኩ። ጧ። ይኼኛው የእትዬን ቤት ብሬከርም ይዞ ወረደ። እትዬ ከጓዳ ሆነው ምን እንዳሉኝ አልጽፈውም።

ወደ ጋሼ ተመለስኩ።

«ስንት ፊውዝ ገዛህ?»

«አምስት።»

«የቀሩህን ሦስቱን ኪስህ ውስጥ አቆያቸው። መጀመሪያ አምፖል።»

ከመሳቢያቸው የድሮ ባለ ክር አምፖል አወጡ። 100 ዋት። ዛሬ ሁሉም ኤልኢዲ ስለሆነ እንዲህ ያለው አምፖል ራሱ ቅርስ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አምፖሉን በፌዙ ሽቦ ላይ በሲሪስ ትቀጥላለህ፣ ከእሱ ቀጥሎ የሚጠገነው ዕቃ ይገባል። ዕቃው ሾርት ከሆነ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፣ የሚፈነዳ ነገር የለም። ዕቃው ደህና ከሆነ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ይደበዝዛል።

ማታ ቤት ሞከርኩት። ቦግ አለ። ክፍሌ እንደ ሠርግ ቤት በራ።

ሐምሌ 13 እስከ 18

አሁን በቴስተር አንድ በአንድ። የሞቱት እነዚህ ናቸው። ዋናው ሞስፌት፣ ኤሌክትሪኩን በፍጥነት እየከፈተ የሚዘጋው ትራንዚስተር፣ 20ኤን60፣ ሦስቱም እግሮቹ ሾርት። ከሥሩ ያለችው 0.22 ኦም ሬዚስተር ተቆርጣለች። ሞስፌቱን የሚመራው ትንሹ አይሲ፣ ዩሲ3843፣ ሆዱ ላይ ቀዳዳ አለው። ሞስፌት ሲሄድ ብቻውን አይሄድም፤ ነጂውን አይሲና የእግር ሬዚስተሩን ይዞ ነው። ብሪጁ ተርፏል፣ ለምን እንደተረፈ አልገባኝም። ትራንስፎርመሩ ደህና ነው። የባትሪው ጎን ያለው ዳዮድም ደህና ነው።

ኦፕቶካፕለሩን፣ በቻርጀሩ ሁለት ጎኖች መካከል በብርሃን መልእክት የሚያደርሰውን ዕቃ፣ በዳዮድ ሞድ ለካሁት። ኤልኢዲው ይለካል። ትራንዚስተሩ ሾርት አይደለም። «ደህና» ብዬ አለፍኩት። ይህችን ቃል ያዟት።

ባሕር ዳር ላይ ሬዚስተሯንና ቫሪስተሩን አገኘሁ፣ 40 እና 60 ብር። ሞስፌቱና አይሲው አልተገኙም። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ መርካቶ ገብቶ ገዛልኝ። ሞስፌት 450፣ አይሲ 120፣ በአውቶብስ መላኪያ 250 ብር። ሦስት ቀን ጠበቅሁ። በእግሬ ነው የምሄደው፣ ለጤና ጥሩ ነው ይባላል።

ብየዳው ግማሽ ቀን ፈጀ። ካውያዬ 40 ዋት ናት፣ የሞስፌቱ እግር ሰፊ መዳብ ላይ ስለተያዘ ሊዱ አልቀልጥ አለ። አዲስ ሊድ ከላይ ጨምሬ ከአሮጌው ጋር ሳቀልጠው ለቀቀ። ሞስፌቱና ብረቱ መካከል የምትገባዋን ሚካ፣ ኤሌክትሪክ የማታሳልፈውን ስስ ቅጠል፣ እንዳትረሱ። ረስቻት ሁለተኛ ፈታሁት።

በአምፖሉ በኩል ሰካሁት። ብልጭ፣ ድብዝ። የቻርጀሩ አረንጓዴ መብራት በራ። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ሐምሌ 19

ገብርኤል ነው። አልሠራሁም።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ባትሪው 16 ሴል በሲሪስ፣ አራት በፓራለል ነው። አንድ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት፣ በ16 ሲባዛ 67.2። ቻርጀሩ ማውጣት ያለበት ይህን ነው። ከ2 አምፒር በላይ አይሰጥም።

ዩኒሳይክሏ ላይ ከመሰካቴ በፊት በጭነት ልፈትነው አልኩ። ኮርቻለሁ በዚህ ሐሳቤ። ስድስት የባጃጅ የፍሬን መብራት አምፖል ገዛሁ፣ 12 ቮልት 21 ዋት፣ አንዱ 70 ብር። ስድስቱን በሲሪስ ስቀጥላቸው 72 ቮልት የሚችል ጭነት ሆኑልኝ። እንጨት ላይ በናስትሮ አሰርኳቸው። ቻርጀሩን ስሰካበት ስድስቱም ቀስ ብለው በሩ። ቴስተሩ 67.1 ይላል። ግማሽ ሰዓት ተውኩት። 67.1። ንቅንቅ የለም።

ማታ 3 ሰዓት ላይ ዩኒሳይክሏ ላይ ሰካሁት። ቀይ መብራት፣ ቻርጅ እየሆነ ነው። ተኛሁ።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ሞታለች።

ቁልፉን ስጫን ምንም የለም። ድምፅ የለ፣ መብራት የለ። ቻርጀሩ አረንጓዴ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ፊቱ ላይ ጥፋት የለበትም። ነቀልኩት። በቻርጅ ሶኬቱ በኩል የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ዓሣ እንኳ አይደለም።

መጀመሪያ ያስፈራኝ ባትሪው ነው። 64 የሊቲየም ሴል ቤት ውስጥ፣ አልጋ አጠገብ። ሽፋኗን ፈትቼ ባትሪውን ነቀልኩና ወደ ግቢው መሐል፣ ሲሚንቶው ላይ አወጣሁት። አጠገቡ አንድ ባልዲ አሸዋ። እትዬ በመስኮት አዩኝ።

«ይፈነዳል?»

«አይመስለኝም።»

«‹አይመስለኝም› ማለት ምንድን ነው?»

የሚያስቅ አይደለም፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የሴሎቹን ቡድን አንድ በአንድ ለካሁ። 4.25፣ 4.26፣ 4.25፣ አንዱ 4.27። ድምሩ 68.1። አልፏል፣ ግን ብዙ አላለፈም። የባትሪው ጥበቃ ቦርድ፣ ቢኤምኤሱ፣ ቆርጦታል ማለት ነው። አልጋለም፣ አላበጠም። ያን ሁሉ ቻርጅ ይዞ እንዳይቀመጥ በስድስቱ የባጃጅ አምፖል ላይ አበራሁት። ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ፣ 62 ቮልት ሲደርስ አቆምኩ። በማግስቱ ደግሜ ስለካ ሁሉም ቡድኖች እኩል ቆመዋል። ባትሪው ተርፏል።

ታዲያ 67.1 የሚያወጣ ቻርጀር 68.1 እንዴት አደረሰው?

ሐምሌ 22

ቻርጀሩን ተሸክሜ ጋሼ ዘንድ። የባጃጅ አምፖሎቼንም አሳየኋቸው። አምፖሎቹን ወደዷቸው።

«ጥሩ ነው። ባዶውንስ ለክተኸዋል?»

«ባዶውን?»

«ጭነት ሳይኖር።»

አልለካሁም። አረንጓዴ መብራት አይቼ አጨበጨብኩ እንጂ ባዶውን አልለካሁም።

እዚያው ሰካነው፣ ምንም ሳይቀጠልበት። 67.3። ጋሼ ሻይ አዘዙ። ሻይው ሲመጣ 71። ስኳሩን ሳማስል 78። 91 ላይ ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው ነቀሉት።

የኦፕቶው ነገር ነው። ቻርጀሩ ሁለት ጎን አለው። አንዱ ከግድግዳው 220 ጋር፣ ሌላው ከባትሪው ጋር። ሁለቱን የሚያገናኝ ሽቦ የለም፣ መኖርም የለበትም። የባትሪው ጎን «67.2 ደርሷል፣ ቀንስ» የሚለውን ለግድግዳው ጎን የሚነግረው በብርሃን ነው። ኦፕቶው ውስጥ አንዲት ትንሽ ኤልኢዲ አለች፣ ፊት ለፊቷ ብርሃን የሚያይ ትራንዚስተር። ጭነት ሲኖር ሹክሹክታ ይበቃታል። ጭነት ሲጠፋ ግን መጮህ አለባት፣ አለዚያ ቮልቴጁ ይወጣል። የእኔ ኦፕቶ ድምፁ ሰልሏል። ሞስፌቱና አይሲው ሲቃጠሉ ትራንዚስተሩን ጎድተውታል። በቴስተር ዳዮድ ሞድ ይህ አይታይም። ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል።

ሌሊት የሆነው እንዲህ ነው። ባትሪው እስኪሞላ ጭነት ነበረ፣ ሁሉም ደህና። ሊሞላ ሲል የሚስበው እየቀነሰ ሄደ፣ ቻርጀሩም ከ67.2 ወደ ላይ መንሸራተት ጀመረ። ሴሎቹ ከ4.2 ሲያልፉ ቢኤምኤሱ ቻርጁን ቆረጠ። ጭነት ጠፋ። ቻርጀሩ ባዶውን ቀረ፣ ወደ 90 ወጣ፣ እስከ ጠዋት እዚያው ቆመ።

ባትሪውን ቢኤምኤሱ አዳነው። ቦርዱን ግን የሚያድነው አልነበረም። መብራቱ ያቃጠለው ቻርጀሩን ነው። ቦርዱን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።

ሐምሌ 24 እስከ 30

ዋናው ቦርድ። ከመፍታቴ በፊት ሁሉንም ሶኬት በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። አንዱን ብቻ አላነሳሁም፣ ባለ አምስት ሽቦው ትንሹ፣ «እሱማ ይታወቃል» ብዬ።

ቦርዱ ላይ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ባትሪው ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ይይዛሉ። በካቻቢቴ አታገናኟቸው። እኔ በአንድ የባጃጅ አምፖል አራግፌያቸዋለሁ፣ ለትንሽ ጊዜ በርቶ ጠፋ። እነዚያ አምፖሎች ዋጋቸውን ከፍለዋል።

የመስመሩን አካሄድ ለመከተል ሁለት ማታ ፈጀብኝ። ቦርዱ ላይ ውኃ እንዳይነካው የፈሰሰ ላስቲክ መሰል ነገር አለ፣ በጥፍሬ እየላጥኩ። የተረዳሁት ይኸው። ከቻርጅ ሶኬቱ የሚገባው ፖዘቲቭ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በቢኤምኤሱ አልፎ ወደ ባትሪው ይሄዳል። ሌላው በአንድ ዳዮድና በአንድ 10 ኦም ሬዚስተር አልፎ ወደ ቦርዱ ይገባል፣ ቻርጅ ላይ መሆኗን ዐውቃ መብራት እንድታሳይ። ቢኤምኤሱ የሚቆርጠው በፖዘቲቩ በኩል ስለሆነ፣ ሲቆርጥ የመጀመሪያውን መንገድ ብቻ ነው የሚዘጋው። ሁለተኛው ክፍት ነው። 90 ቮልቱ በዚያ ገባ።

መንገዱ ላይ ያገኘው ኤክስኤል7015 የሚባል አይሲ ነው። የባትሪውን ከፍተኛ ቮልቴጅ ወደ 15 ቮልት የሚያወርድ። የሚችለው እስከ 80 ቮልት ነው። 80 የሚችል ዕቃ ላይ 90። መሐሉ ተሰንጥቋል። ከእሱ በኋላ 15 ቮልቱ ላይ የተቀመጠ፣ ቮልቴጅ ሲዘል ወደ መሬት የሚያፈስ ቲቪኤስ ዳዮድ አለ፣ ኤስኤምቢጄ15ኤ። ሾርት ሆኗል። 10 ኦሟ ተቆርጣለች።

ቲቪኤሱ ሾርት መሆኑን ስለካ ደስ አለኝ። አይሲው ሲሰነጠቅ ከፍተኛውን ቮልቴጅ ወደ 15ቱ መስመር ለቆታል፣ ይህ ዳዮድ ግን ሾርት ሆኖ መስመሩን መሬት ላይ ያዘው፣ ሬዚስተሯም ተቆረጠች። ከእሱ ወዲያ የስድስቱ ሞስፌት ነጂዎችና አእምሮዋ፣ ኤስቲኤም32ቱ፣ አሉ። አእምሮው ቢቃጠል ዕቃውን መግዛት ይቻላል፣ ፕሮግራሙን ግን ከየት ይመጣል? ያኔ ሙሉ ቦርድ ነው። 3.3 ቮልቱን መስመር ከመሬት ጋር ለካሁት፣ ሾርት አይደለም። ስድስቱንም ሞስፌቶች ለካሁ፣ ደህና። «ደህና» የሚለውን ቃል አሁን በጥርጣሬ ነው የምጽፈው።

ሁለተኛ ትእዛዝ ወደ መርካቶ። ኤክስኤል7015 ሁለት፣ 700 ብር። ቲቪኤስ 80። ኦፕቶ ሦስት፣ 90። መላኪያ 250። 10 ኦሟን ከቴሌቪዥኑ ቦርድ ነቀልኩ።

ነሐሴ 3

ዕቃው መጣ። ኦፕቶውን ቀየርኩ። ቻርጀሩን ባዶውን ሰካሁት። 67.2። አንድ ሰዓት ጠበቅሁ። 67.2። ከዚያ በጭነት። 67.1። ከዚያ እንደገና ባዶውን። 67.2። አላጨበጨብኩም።

ነሐሴ 5

ኤክስኤሉ ጀርባው ሰፊ ብረት ነው፣ ቦርዱ ላይ ተለጥፎ የተበየደ። ካውያዬ አልቻለችም። ፋሲሎ አካባቢ ሞባይል የሚጠግን ልጅ ሆት ኤር አለው። 300 ብር ተስማማን። «ስንት ላይ ታደርገዋለህ?» አልኩት። «380» አለ። ይህ ቁጥር አይለቀኝም።

አጠገቡ ያሉትን ሶኬቶች በፎይል ሸፈነ። ሦስት ደቂቃ አልሞላም፣ አሮጌው ተነሣ፣ አዲሱ ተቀመጠ። እጁ አይንቀጠቀጥም። ስንት ዓመት እንደሠራ ብጠይቀው «ዘንድሮ ማትሪክ ወሰድኩ» አለኝ።

ቤት ሄጄ ባትሪውን በቀጥታ አልቀጠልኩም። 100 ዋቱን አምፖል በሲሪስ አደረግሁ። ለዲሲም ይሠራል። ብልጭ፣ ድብዝ። 15 ቮልት፣ አለ። 5፣ አለ። 3.3፣ አለ። ቁልፉን ተጫንኩ። «ቢፕ።» መብራቶቿ በሩ።

እትዬ ቡና እያፈሉ ነበር። «ተነሣች?» አሉ። እንደ በሽተኛ።

ነሐሴ 6 እስከ 17

አልተነሣችም። መብራት ታበራለች፣ ቀጥ ሳደርጋት ግን ሞተሩ «ጉርር» ብሎ ይንቀጠቀጣል፣ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ከዚያ ደጋግማ ጮኻ ትጠፋለች።

ሞተሩ ውስጥ ሦስት ሆል ሴንሰር አለ። ጎማው የት ላይ እንዳለ ለአእምሮው የሚነግሩት እነሱ ናቸው። ጎማውን በእጅ ቀስ ብሎ እያዞሩ ሦስቱን ሽቦ መለካት ነው፤ እያንዳንዱ 5፣ 0፣ 5፣ 0 እያለ መቀያየር አለበት። አረንጓዴው ይቀያየራል። ሰማያዊው ይቀያየራል። ቢጫው 5 ላይ ደርቆ ቀረ።

ሆል ሴንሰር ሞቷል አልኩ። ምክንያትም ፈለግሁለት፣ 90 ቮልቱ እዚያ ድረስ ደርሷል ብዬ። ሦስተኛ ትእዛዝ፣ ኤስኤስ41 ሦስት ፍሬ፣ 450 ብር፣ መላኪያ 250። መንገዱ ስላልተመቸ አንድ ሳምንት ዘገየ። ቡሄ በእግሬ አለፈ።

ሴንሰሮቹ መጡ። ሞተሩን ለመክፈት ጎማውን ማውለቅ፣ ፔዳሎቹን መንቀል፣ ሽፋኑን መሰንጠቅ ነው። ፔዳሎቹን ነቅዬ ነበር። ከዚያ ባለ አምስት ሽቦውን ሶኬት ከቦርዱ ስነቅል ቢጫው ሽቦ ከነጫፉ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ እጄ ላይ ቀረ።

ያ ሶኬት ፎቶ ያላነሳሁት ነው። ስመልሰው አጣምሜ ገፍቼዋለሁ፣ አንዱ ፒን ወደ ኋላ ወጥቷል። ሴንሰሩ መስመሩን ወደ ዜሮ ይጎትታል እንጂ 5 ቮልቱን የሚሰጠው ቦርዱ ነው። ሽቦው ከተላቀቀ ቦርዱ በኩል ሁልጊዜ 5 ነው የሚታየው። እኔ የለካሁት በቦርዱ በኩል ነው። በሞተሩ በኩል ብለካው አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ፒኑን በመርፌ አቃንቼ «ቀጭ» እስኪል ድረስ ገፋሁት። ጎማዋ ያለ ድምፅ ቆመች። ሦስቱ ሆል ሴንሰሮች በከረጢታቸው መሳቢያ ውስጥ ናቸው፣ ለሚፈልግ እሸጣለሁ።

ነሐሴ 20

ሒሳብ። ለቻርጀሩ፦ ፊውዝ አምስት በ100፣ የቴሌቪዥን ቦርድ፣ ሞስፌት፣ አይሲ፣ ኦፕቶ፣ ሬዚስተር፣ ቫሪስተር፣ የባጃጅ አምፖሎች፣ አንድ መላኪያ። 1,830 ብር። ይህ የመብራቱ ነው። ለቦርዱና ለሆሉ፦ ኤክስኤል፣ ቲቪኤስ፣ ሆት ኤር፣ ያልተጠቀምኩበት ሴንሰር፣ ሁለት መላኪያ። 2,030 ብር። ይህ የእኔ ነው። በ200 ብር በልጬዋለሁ።

በዚህ ላይ ቮልቴጅ ፕሮቴክተር ገዛሁ፣ 3,200 ብር። ሱቁ ውስጥ «ሰርጅ ፕሮቴክሽን አለው» የሚባል ዲቫይደር በርካሽ ነበር። ፈትቼ አየሁት፣ ባለሱቁ ፈቅዶልኝ። ውስጡ ያለው ያቺው ሰማያዊ ክብ ቫሪስተር ናት። ኒውትራል ሲበጠስ ምን እንደምትሆን አይቻለሁ። የገዛሁት ውስጡ ሪሌ ያለው ነው፤ ቮልቴጁን እያነበበ ከ250 ሲያልፍ ይቆርጣል፣ ከተስተካከለ በኋላ ሦስት ደቂቃ ጠብቆ ይመልሳል። የሳጥኑ ቁጥር ሁልጊዜ ይበራል። ማታ ማታ ምጣድ ሲጣድ 196 ይላል፣ ሌሊት 231። ቁጥሩን እያዩ መተኛት ለእንቅልፍ ጥሩ አይደለም፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬዋለሁ።

እትዬ «ለእኔም ፍሪጅ ይሆናል?» አሉ። ይሆናል። በኪራዩ ላይ ተነጋገርን።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

ሌሊቱን ዘንቦ ጠዋት አባርቷል። በ12 ሰዓት ተኩል ወጣሁ። ጋይሮውን፣ ሚዛኗን የሚለካውን ሴንሰር፣ ትናንት ማታ ጠፍጣፋ ወለል ላይ ካሊብሬት አድርጌዋለሁ። የመጀመሪያውን 50 ሜትር እጄ ግንቡን ሊነካ በሚችልበት ርቀት ሄድኩ። ከዚያ ተውኩት።

በጊዮርጊስ አድርጌ ወደ ሐይቁ ዳር። ውኃው ከደመናው አይለይም፣ ሁለት ታንኳ ብቻ ጥቁር ሆነው ይታያሉ። ከዚያ ወደ አዲሱ የዓባይ ድልድይ። ድልድዩ 380 ሜትር ነው። በቁጥሩ ሳቅሁ፣ ግን መሐል ላይ ስደርስ ሳላውቀው ፍጥነቴን ቀንሻለሁ። ሞተሩ አይሞቅም፣ አይንቀጠቀጥም። ባትሪው ከ90 ወደ 81 ወረደ፣ እንደ ድሮው።

ስመለስ አንድ ብስክሌተኛ ማዳበሪያ ሙሉ ከሰል ጭኖ ድንገት ፊቴ ገባ። ጡሩምባውን ተጫንኩ። ዝም። ደግሜ ተጫንኩ። ዝም።

«ወንድምዓለም፣ ዞር በልልኝ!» ብዬ በአፌ ጮህኩ። ዞር አለልኝ።

ቤት ገብቼ ለካሁት። የጡሩምባውን ድምፅ የምትከፍተው ባለ ሦስት እግር ትንሽ ትራንዚስተር ሾርት ናት። በቡድን ስለካ ዘልያታለሁ። ዋጋዋ 15 ብር ነው፣ ሰኞ ከፎቶ ኮፒ ቤት ስወጣ እገዛታለሁ።